የጎርጎራ ማርያም ግምብ

ከከሚሴ ተነሥቶ በኮምቦልቻ፥ በደሴ፥ በወልድያና በደብረ ታቦር በኩል ጎንደር የሚገባ መንገደኛ የፋሲልን ግምብ ሳያይ አይመለስም። ከፋሲል ግምብ ቀድማ የተሠራችውን ግን የሚያያት ጥቂት ነው። ይህችውም በጣና ሐይቅ ሰሜን ዳር፥ ከጎርጎራ ከተማ በስተ ምዕራብ፥ በባሕረ ገብ ምድር ላይ ፈርሳ የምትገኘው ማርያም ግምብ ናት። እኛም በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ስለ እርሷ ጥቂት ለመጻፍ የተነሣነው፥ ፍርስራሿ ለእኛ አገር ልጆች ታላቅ ትምህርት እንዳለው ስለ ተረዳን ነው።

እስፓኛዊው የየሱሳውያን ማኅበር መነኩሴ ፔድሮ ፓኤዝ በ1595 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ገባ። አማርኛና ግእዝ ተምሮ በዐፄ ሱስንዮስ ዘንድ ባለሟል ሆነ። ንጉሡም በጎርጎራ መሬት ሰጡት። ፓኤዝ በ1614 ዓ.ም. እዚያው ጎርጎራ ሞተ። ማርያም ግምብን የሠሩት ከእርሱ በኋላ የመጡት ጓደኞቹ ናቸው።

የአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ክብ ሲሆኑ፥ ቅኔ ማሕሌቱ ቅድስቱን፥ ቅድስቱም መቅደሱን ይከባል። ማርያም ግምብ ግን እንደ ፈረንጅ አገር ቤተ ክርስቲያን ረዥም ናት፤ መቅደሷም በአንድ ጫፍ ነው። ድንጋይዋ ተጠርቦ በኖራ ተያይዟል፤ በላዩም ጽጌ ተቀርጾበታል። በአጠገቧ የመነኮሳቱ መኖሪያና ቅጥር ነበረ። ዛሬ ጣሪያዋና ቅስቷ ብዙው ወድቋል። ከእስፓኛ የመጡ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎችም ቦታውን ቈፍረው አጥንተዋል።

ለመሆኑ ስለ ምን ፈረሰች? ፓኤዝ በትዕግሥትና በማስተማር የጀመረውን ነገር ተከታዮቹ በዐዋጅ ለመፈጸም ቸኰሉ። በ1617 ዓ.ም. የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ እንደገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደገና ክህነት እንዲቀበሉ አዘዘ፤ የቅዳሜ ሰንበትም እንዲሻር ተደረገ። አገሩ በዚህ ተነሣ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው በወንድሙ እጅ አለቀ። ዐፄ ሱስንዮስም በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግረው፥ መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም የሱሳውያንን ከአገር አስወጡ።

ቂሙ ግን ቶሎ አልበረደም። ከዚያ በኋላ የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጆች ተተክተው መጡ። ሁለት ካፑሲናውያን በ1630 ዓ.ም. በጎንደር ተሰቀሉ፤ ሦስት ፍራንቸስካናውያን ደግሞ በ1708 ዓ.ም. እዚያው በድንጋይ ተወገሩ። ባላጠፉት ጥፋት የሌላውን ዕዳ ከፈሉ ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ምንድር ነው? ኖራው ነው። ከህንድ የመጣ አንድ ዐዋቂ የኖራውን ድንጋይ ለይቶ እንዳሳያቸው መነኮሳቱ ጽፈዋል። የየመን መልእክተኛ አል ሐይሚ በ1640 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ፥ የቤተ መንግሥቱ ግንበኛ ህንዳዊ መሆኑን መዝግቧል። ፋሲል የመነኮሳቱን ትምህርት ከአገር አስወጡ፤ በኖራ የመገንባቱን ጥበብ ግን አልጣሉም። በግድ የተጫነው ሃይማኖት በጥቂት ዓመታት ጠፋ፤ በፈቃድ የተወሰደው ጥበብ ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ከዚህ ብዙ ሳንርቅ፥ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ፥ በ1870 ዓ.ም. የዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ተደርጎ፥ የወሎ እስላም እንዲጠመቅ ታዝዞ ነበር። ያም ዐዋጅ ብዙ ሰው አስለቅሶ፥ ብዙ ሰው አሰድዶ፥ ያሰበውን ሳይፈጽም ቀረ። ዛሬ በከሚሴ የአዛን ድምፅና የቤተ ክርስቲያን ደወል በአንድ አየር ላይ ይሰማሉ። በአንድ ወንበር ተቀምጠን የተማርን የመሐመድና የገብርኤል ልጆች ይህን እንደ ቀላል ነገር ልናየው አይገባም።

እንግዲህ፥ ውድ አንባብያን፥ ትምህርታችንን ፈጽመን ስንወጣ ከማርያም ግምብ ይህን ይዘን እንሂድ፤ ዕውቀትን ከየትም ይምጣ እንቀበል፤ የሰውን ልብ ግን በዐዋጅ ልናንጽ አንሞክር።