የጠመንጃ በርሜል አጸዳድና አያያዝ፦ ሕጋዊ ፈቃድ ላላቸው ባለመሣሪያዎች የተዘጋጀ መረጃ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በደብረ ኤልያስ ወረዳና በአካባቢው ባሉ ወረዳዎች ጠመንጃ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ፣ ቤትና ማሳ የሚጠበቅበት ንብረት ሆኖ ኖሯል። በአንዳንድ ቤቶች ዕድሜ ጠገብ ምንሽር ወይም ቤልጅግ፣ በሌሎች ደግሞ ክላሽ ይገኛል። ስለ ሕጋዊ ፈቃድና ምዝገባ የሚሰጠው መረጃ እየተስፋፋ ቢመጣም፣ በእጅ ያለውን መሣሪያ አደጋ በማያስከትል መንገድ እንዴት ማጽዳትና ማስቀመጥ እንደሚገባ የሚያስረዳ ጽሑፍ በቀላሉ አይገኝም። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ክፍተቱን ለመሙላት ነው።

ጉዳዩ ሦስት ምክንያቶች አሉት። አንደኛ፣ በቤት ውስጥ ከሚደርሱ የጥይት አደጋዎች መካከል “ባዶ ነው” ተብሎ በሚወለወል ጠመንጃ የሚከሠቱት ይገኙበታል። ሁለተኛ፣ በውስጡ ጨርቅ፣ ጭቃ ወይም የተጋገረ ዝገት ያለበት በርሜል ሲተኮስበት ሊፈነዳና ተኳሹን ወይም አጠገቡ ያለውን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ሦስተኛ፣ ያልጸዳ በርሜል በአንድ ክረምት ብቻ ተበልቶ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል።

ሕጋዊ ማዕቀፍ

የጦር መሣሪያ መያዝና መጠቀም የሚመራው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ነው። አዋጁ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል፤ የቁጥጥር ኃላፊነቱንም ለፌዴራል ፖሊስ ይሰጣል። በዚህ ገጽ የቀረበው ማብራሪያ ፈቃድን አይተካም። ፈቃድ የሌለው መሣሪያ የያዘ ሰው ስለ ጽዳቱ ከማሰቡ በፊት ስለ ሕጋዊ ሁኔታው የወረዳውን ፖሊስ ወይም የሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይኖርበታል።

ከጽዳት በፊት፦ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ

የሚከተሉት ተግባራት በተጻፉበት ቅደም ተከተል ይፈጸማሉ።

1. አፈሙዙ ሰው፣ እንስሳ ወይም የጎረቤት ቤት ወደሌለበት አቅጣጫ ይዞራል። ሥራው እስኪጠናቀቅ ድረስ ጣት ከምላጩ ይርቃል።

2. ካዝናው በቅድሚያ ይነቀላል። ካዝናው ሳይነቀል መዝጊያው ወደ ኋላ ቢሳብ፣ የጎረሰው ጥይት ሲወጣ ሌላ ጥይት በቦታው ይተካል። ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱት በዚህ ቅደም ተከተል ላይ ነው።

3. በክላሽ ላይ የመቆለፊያው ዘንግ ወደ ላይ እንደተዘጋ መዝጊያው እስከ መጨረሻው አይሳብም። ስለዚህ አፈሙዙ በጥንቃቄ እንደተያዘ መቆለፊያው ይለቀቃል፣ መዝጊያው እስከ ኋላ ይሳባል፣ የጎረሰ ጥይት ካለም ይወጣል።

4. እንደ ቤልጅግ ባሉ በእጅ በሚከፈቱ ጠመንጃዎች ካዝናው በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ስለሆነ፣ ጥይቶቹ በሙሉ እስኪወጡ ድረስ መዝጊያው በተደጋጋሚ ይከፈታል።

5. ጥይት የሚጎርስበት ክፍል በዓይን ይታያል፤ በትንሽ ጣትም ይዳሰሳል። በጨለማ ወይም በኩራዝ ብርሃን ማየት ብቻ በቂ አይደለም።

6. ጥይቶቹ በሙሉ ከሚጸዳበት ስፍራ ወደ ሌላ ክፍል ተወስደው ይቆለፋሉ። በጽዳቱ ወቅት በቦታው ልጆች ሊኖሩ አይገባም።

ባለመሣሪያው በመካከል ለሌላ ጉዳይ ተነሥቶ ቢመለስ፣ ፍተሻው ከመጀመሪያው ይደገማል።

በርሜልን የሚጎዳው ምንድን ነው?

ጥይት ሲተኮስ በበርሜሉ ውስጥ የባሩድ ጥቀርሻና ከጥይቱ ልባስ የሚፋቅ መዳብ ይቀራል። እነዚህ ቶሎ ካልተወገዱ እየደረቁ ይጠነክራሉ። ከዚህ የከፋው ግን በዓይን የማይታየው ጨው ነው። ብዙ አሮጌ ወታደራዊ ጥይቶች በመለኮሻቸው ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የተባለ ውህድ አላቸው። ይህ ውህድ ሲቃጠል ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል፤ እርሱም እንደ ገበታ ጨው ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረትን ይበላል።

ይህ ጨው በዘይት፣ በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን አይሟሟም፤ የሚሟሟው በውኃ ነው። ስለዚህ ከተኮሰ በኋላ በርሜሉን በዘይት ብቻ የወለወለ ሰው ጨውን ከዘይቱ ሥር ሸፍኖት ነው የሚተወው። ከጥቂት ቀናት በኋላ “ዘይት ቀብቼው ለምን ዛገ?” ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። አንድ ጥይት እንዲህ ዓይነት መለኮሻ እንዳለው በማየት ለመለየት ስለሚያስቸግር፣ ምንጩ በእርግጠኝነት ያልታወቀ ጥይት ሁሉ ጨው እንደሚተው ተቆጥሮ መጽዳት ይገባል። ጽዳቱም መሣሪያው በተተኮሰበት ዕለት ይከናወናል።

የሚያስፈልጉ ቁሳቁሶች

የመወልወያ ዘንግ፣ ለበርሜሉ ስፋት የሚመጥን የነሐስ ብሩሽ፣ በልክ የተቆራረጠ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ፣ የፈላ ውኃ፣ ጥቂት ሳሙና፣ የጠመንጃ ዘይት እና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቂ ናቸው። በብዙ ክላሾች ዘንጉ ከበርሜሉ በታች ተሰክቶ ይገኛል፤ ብሩሹና ሌሎቹ ትንንሽ መሣሪያዎች ደግሞ በሰደፉ ውስጥ በሚቀመጥ ቆርቆሮ ውስጥ ይገኛሉ። የጠመንጃ ዘይት ካልተገኘ ጥቅም ላይ ያልዋለ ቀጭን የሞተር ዘይት በጥቂቱ መጠቀም ይቻላል።

የአጸዳድ ቅደም ተከተል

1. መሣሪያው በአምራቹ አሠራር መሠረት ይፈታታል። ለዕለታዊ ጽዳት ያለ ልዩ መሣሪያ ከሚፈታው ክፍል በላይ መፍታት አያስፈልግም።

2. ሳሙና የተጨመረበት የፈላ ውኃ ጥይት ከሚጎርስበት ወገን ወደ አፈሙዙ እንዲወርድ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል፤ ቀጥሎም በንጹሕ የፈላ ውኃ ይደገማል። ብረቱ ስለሚግል በወፍራም ጨርቅ መያዝ ያሻል። የእንጨት ክፍሎች ከውኃው ይጠበቃሉ።

3. በርሜሉ ወዲያውኑ በደረቅ ጨርቅ ይወለወላል። ከፈላ ውኃው የተረፈው ሙቀት ቀሪውን እርጥበት ለማድረቅ ይረዳል።

4. ዘይት የነካው የነሐስ ብሩሽ ከአንዱ ጫፍ ገብቶ በሌላው እስኪወጣ ድረስ አሥር ጊዜ ያህል ይመላለሳል። ብሩሹን በርሜሉ መካከል ላይ አቁሞ አቅጣጫ መለወጥ ብሩሹን ያጣብቃል።

5. ንጹሕ ጨርቅ እየተለወጠ ይገባል፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይቀጥላል። የቡና ዓይነት ቀለም ከታየ ዝገት፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከታየ የመዳብ ቅሪት አለ ማለት ነው።

6. በርሜሉ በብርሃን አቅጣጫ ይታያል። በውስጡ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ጥርት ብለው መታየት አለባቸው። ይህ ምርመራ የሚደረገው መዝጊያው ከወጣ በኋላ ብቻ ነው።

7. ዘይት የነካው ጨርቅ አንድ ጊዜ ይተላለፍና ስስ ሽፋን ይተዋል። ዘይቱ መንጠባጠብ የለበትም። መሣሪያው እንደገና ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በርሜሉና ጥይት የሚጎርስበት ክፍል በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋሉ።

እንደ ጠመንጃው ዓይነት የሚደረግ ጥንቃቄ

እንደ ቤልጅግ ያሉ ጠመንጃዎች መዝጊያቸው ከኋላ ስለሚወጣ፣ ዘንጉ ከኋላ ወደ አፈሙዝ እንዲገባ ይመከራል። ክላሽ ግን በአሠራሩ ዘንጉ በአፈሙዙ በኩል እንዲገባ ያስገድዳል። በዚህ ጊዜ የመሣሪያ ቆርቆሮው ክዳን አፈሙዙ ላይ ተደርጎ ዘንጉ በቀዳዳው ይገባል፤ ይህም ዘንጉ የአፈሙዙን ጠርዝ እንዳይፍቅ ይከላከላል። የጥይትን አቅጣጫ በመጨረሻ የሚወስነው ይህ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ከተበላ በርሜሉ የቱንም ያህል ቢጸዳ ዒላማ ይስታል።

በክላሽ ከበርሜሉ የሚወጣው ጋዝ ከፊሉ ወደ ላይኛው ቱቦና ወደ ገፊው ዘንግ ስለሚሄድ፣ ጨው እዚያም ይቀመጣል። ብዙዎቹ የክላሽ በርሜሎች ከውስጥ በክሮም የተለበጡ ቢሆኑም፣ ይህ የእነዚህን ክፍሎች ጽዳት አያስቀርም። በመሆኑም ቱቦውና ገፊው ዘንግ በተመሳሳይ ሁኔታ በውኃ ታጥበው፣ ደርቀው፣ በስሱ ይቀባሉ።

ሊቀሩ የሚገባቸው ልማዶች

ቅቤና የኑግ ዘይት፦ ቅቤ በውስጡ ውኃ ይይዛል፤ ሲቆይም እየኮመጠጠ ብረት ያጠቃል። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኘው እየደረቀ እንደ ሙጫ ይጣበቃልና ተንቀሳቃሽ ክፍሎችን ያደናቅፋል።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት፦ በውስጡ አሲድና የብረት ብናኝ ስላለ በርሜልን ይፍቃል።

አሸዋ፣ አመድና የብርጭቆ ወረቀት፦ ከዝገቱ ጋር ደኅናውን ብረት ያነሣሉ።

አፈሙዝን በጨርቅ መወተፍ፦ እርጥበት በውስጥ ያፍናል። ውታፉ ተረስቶ ከተተኮሰ በርሜሉ ሊፈነዳ ይችላል።

የተቀረቀረን ጨርቅ በጥይት ማስወጣት፦ ለሞት የሚያደርስ ስሕተት ነው። ጨርቁ በገባበት አቅጣጫ በዘንግ ተገፍቶ ካልወጣ መሣሪያው ለባለሙያ ይሰጣል።

በምድጃ አጠገብ ማጽዳት፦ ነጭ ጋዝም ሆነ ቤንዚን በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ከዚህም በላይ የጥይት ጥቀርሻ እርሳስ የተባለውን መርዛማ ማዕድን ስለሚይዝ፣ የወጥ ቤት ዕቃ ለጽዳት መጠቀም አይገባም። ከሥራው በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ የተጠቀሙበት ጨርቅም ልጆች በማይደርሱበት ይወገዳል።

የክረምት አቀማመጥ

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ወቅት ያልተተኮሰ መሣሪያም ቢሆን በየሁለት ሳምንቱ ሊታይና ዘይቱ ሊታደስ ይገባል። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት የገባ ብረት ላብ ያወጣል፤ ስለዚህ መሣሪያው ወዲያው ሳይሸፈን እስኪደርቅ ድረስ ይቆያል። ከዓባይ ሸለቆ ቆላ ወደ ደጋው የሚመላለሱ ባለመሣሪያዎች ለዚህ ልዩ ትኩረት መስጠት አለባቸው። የቆዳ አፎት እርጥበትና የማልፊያ ጨው ስለሚይዝ ለረጅም ጊዜ ማስቀመጫነት አይሆንም። ጠመንጃው ከጭስና ከጭቃ ግድግዳ ርቆ፣ ጥይቱ ለብቻው ሆኖ፣ ሁለቱም ተቆልፈው ይቀመጣሉ።

ወደ ባለሙያና ወደ ጽሕፈት ቤት መሄድ የሚያስፈልግባቸው ሁኔታዎች

በርሜሉ ላይ ስንጥቅ፣ እብጠት ወይም ጥልቅ የዝገት ጉድጓድ ከታየ፣ መዝጊያው በትክክል ካልዘጋ፣ ወይም የተተኮሱ ቀለሆች እየተሰነጠቁ ከወጡ መሣሪያው ሊተኮስበት አይገባም። ጥገና የሚደረገው ፈቃድ ባለው አካል ብቻ ነው፤ በርሜልን በቤት ውስጥ መቁረጥ፣ መበየድ ወይም ማሻሻል አይፈቀድም።

መሣሪያው ከጠፋ ወይም ከተሰረቀ ጉዳዩ ሳይዘገይ ለፖሊስ ይገለጻል። ባለፈቃዱ በሞት ከተለየ ፈቃዱ በስሙ የተሰጠ በመሆኑ ለልጁ ወይም ለሌላ ዘመድ በራሱ አይተላለፍም፤ ቤተሰቡ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት አሳውቆ መመሪያ መቀበል ይኖርበታል። ባለመሣሪያው ለዚሁ ጉዳይ ሲሄድ የታደሰ መታወቂያውንና የመሣሪያውን ፈቃድ ይይዛል። መሣሪያውን ይዞ እንዲቀርብ ከታዘዘም ጥይቱ ወጥቶ፣ መዝጊያው ተከፍቶና ባዶነቱ በግልጽ እየታየ ያቀርባል።