ከሰማይ የወደቀው ሃርድ ዲስክ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ወደ ምድር ስትመለስ በቴክሳስ ሰማይ ላይ ተበታተነች። የሰባቱም ጠፈርተኞች ሕይወት አለፈ።

ከወራት በኋላ ከደረቀ ሐይቅ ወለል ላይ ከተገኙት ስብርባሪዎች መካከል አንዱ የከሰለ ብረት ሃርድ ዲስክ ነበር። ዜኖን የተባለው ጋዝ ሲማሰል እንዴት እንደሚቀጥን በሕዋ የተመረመረበትን ውጤት ይዟል።

ስብርባሪው ሚኔሶታ ውስጥ ወደነበረው ክሮል ኦንትራክ የተባለ የመረጃ ማዳን ኩባንያ ተላከ። አቧራ የሚከላከለው ማሸጊያ ቀልጦ ቆሻሻ ገብቶበታል። መረጃው የተጻፈባቸው ሳህኖች ግን አልተጣመሙም፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የማንበቢያው ራስ ከሳህኑ በላይ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ክፍተት ስለሚንሳፈፍ ጥቂት ጉብታ እንኳ ያሰናክለዋል። ባለሙያዎቹ ሳህኖቹን በኬሚካል አጽድተው በአዲስ ሃርድ ዲስክ አካል ውስጥ ገጠሟቸው።

ዕድልም ረድቷል። የተጎዳው ክፍል ገና ያልተጻፈበት ነበር፤ መረጃው የተጻፈበት አሮጌው የኮምፒውተር ሥርዓት ዶስ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ሥርዓቶች መረጃን በየቦታው አይበትንም። ከመረጃው 99 በመቶው ተነበበ።

የሙከራው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2008 ፊዚካል ሪቪው ኢ በተባለው መጽሔት ታተመ፤ በዚያ በረራ የተደከመበት ሥራ ከአምስት ዓመት በኋላ አንባቢ እጅ ገባ።