መኪና በብርድ አገር እንዴት ተነሳ? ከማኖቬላ እስከ ኤሌክትሪክ ገመድ

እኛ ባለንበት አካባቢ የመኪና ጠላቱ ሙቀትና አቧራ ነው። ሾፌሩ የሚጨነቀው ራዲያተሩ እንዳይፈላበት ነው። መኪና ተሠርቶ ያደገው ግን ብርድ ባለበት አገር ነው። እዚያ የሾፌሩ ጭንቀት ሌላ ነው፤ ጠዋት ሞተሩ ይነሳል ወይስ አይነሳም? ከመካከላችን ወደ ካናዳ፣ ወደ ሚኒሶታ ወይም ወደ ኖርዌይ የሄዱት ወገኖቻችን ይህን ጥያቄ ያውቁታል። ነገ የሚሄዱትም ያገኙታል። ዛሬ የምንተርከው ይህ ጥያቄ እንዴት እንደተፈታ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርድ ሞተርን ምን ያደርገዋል?

ታሪኩን ለመረዳት መጀመሪያ ችግሩን እንወቅ። ብርድ ሞተርን የሚይዘው በአራት መንገድ ነው።

አንደኛ፣ ዘይቱ እንደ ማር ይወፍራል፤ ሞተሩን ማዞር ይከብዳል። ሁለተኛ፣ ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሥራው ይዘገያል። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ባትሪው የሚሰጠው ኃይል በሙቀት ጊዜ ከሚሰጠው ግማሽ ያህል ነው። ሦስተኛ፣ ቤንዚኑ ወደ ትነት አይለወጥም። የሚቃጠለው ደግሞ ትነቱ እንጂ ፈሳሹ አይደለም። አራተኛ፣ ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር የሞተሩን ብረት ሳይቀር ይሰነጥቃል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሞተሩ ብዙ ኃይል በሚፈልግበት ሰዓት ባትሪው ያለው ኃይል ትንሽ ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

የክንድ ዘመን

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሞተር የሚነሳው በማኖቬላ፣ ማለትም ከፊት ለፊት ተሰክቶ በእጅ በሚዞር ብረት ነበር። የወፍጮ ሞተር በማኖቬላ ሲነሳ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ጉልበት ይፈልጋል፤ አደጋም አለው። እሳቱ ከጊዜው ቀድሞ ከተነሳ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ማኖቬላውም በኃይል ይገለበጣል። ስንቱ ሰው ክንዱ ተሰብሯል! ስለዚህ ሾፌሮች አንድ ነገር ይማሩ ነበር፦ አውራ ጣትህን በብረቱ ዙሪያ አትጠምጥም፣ ወደ ታች አትግፋ፣ ወደ ላይ ሳብ።

በብርድ ጊዜ ደግሞ መከራው ይብሳል። ከ1908 እስከ 1927 የተመረተችውን የፎርድ ሞዴል ቲን እንውሰድ። ዘይቷ ሲወፍር ማርሹ ከሞተሩ ጋር ይጣበቃል፤ ስለዚህ ሞተሩ ሲነሳ መኪናዋ ያስነሳትን ሰው ልትገፋው ትችላለች! ባለቤቶቿ ዘዴ ፈጠሩ። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት አንስተው ያዞሯት ነበር። ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቱቦ ለማሞቅ የፈላ ውሃ ያፈሱበታል። ማታ ማታ የራዲያተሩን ውሃ ያወርዳሉ፣ ጠዋት መልሰው ይሞላሉ።

የኬተሪንግ ጥያቄ

ቻርልስ ኬተሪንግ በአሜሪካ የኦሃዮ ግዛት በ1876 የተወለደ መሐንዲስ ነው። ቀደም ሲል ዴይተን ከተማ በሚገኝ ፋብሪካ ተቀጥሮ የሱቅ ሒሳብ መመዝገቢያ ማሽን በኤሌክትሪክ እንዲሠራ አድርጎ ነበር። በኋላ የካዲላክ ኩባንያ መሪ ሄንሪ ሌላንድ ማኖቬላን የሚያስቀር ነገር ፈለገ።

ብዙ ባለሙያዎች "አይሆንም" ይሉ ነበር። ምክንያታቸውም የመኪና ሞተር ለማዞር የሚችል የኤሌክትሪክ ሞተር በጣም ትልቅ ይሆናል፣ መኪናው ውስጥ አይገባም የሚል ነው። ሒሳባቸው ስህተት አልነበረም። የተሳሳተው ጥያቄያቸው ነው። እነሱ ያሰሉት ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሞተር ነበር። ኬተሪንግ ግን የጠየቀው "ስንት ሰዓት መሥራት አለበት?" ብሎ ነው። መልሱ ጥቂት ሰከንድ ነው። የሱቁም ማሽን ሞተር እንዲሁ ነበር፤ ለአፍታ በኃይል ይሠራል፣ ከዚያ ያርፋል። ትንሽ ሞተር ለጥቂት ሰከንድ ከአቅሙ በላይ ቢሠራ አይቃጠልም።

በዚህ ሐሳብ የተሠራው ማስነሻ፣ እኛ ሞተሪኖ የምንለው፣ በ1912 የካዲላክ መኪናዎች ላይ ተገጠመ። መኪናው ከተነሳ በኋላ ያው መሣሪያ ዲናሞ ሆኖ ባትሪውን ይሞላ ነበር። ሞዴል ቲም በ1919 የኤሌክትሪክ ማስነሻ አገኘች። ከዚያ ወዲህ መኪና ለመንዳት የክንድ ጉልበት አላስፈለገም። ጉልበት የሌላቸው፣ ሽማግሌዎችና ማኖቬላ የከበዳቸው ብዙ ሴቶች ሁሉ ያለ ረዳት ማሽከርከር ቻሉ።

ውሃውና ዘይቱ

ሞተሪኖ ግን አንዱን ችግር እንጂ ሁሉንም አልፈታም። ውሃው እንዳይረጋ ሰዎች አልኮል ይቀላቅሉበት ነበር። አልኮል ደግሞ ሞተሩ ሲሞቅ ተንኖ ያልቃል። በ1927 ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ፈሳሽ ፕሬስቶን በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ይህ ቶሎ አይተንም፤ ከውሃ ጋር እኩል ሲቀላቀል ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ድረስ ይቋቋማል። ጣዕሙ ጣፋጭ ቢሆንም መርዝ ስለሆነ ከልጆች መራቅ አለበት።

የዘይት ውፍረት ደረጃ በአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር የወጣው በ1911 ነው። በ1950ዎቹ በብርድ የማይወፍር፣ በሙቀትም ከመጠን በላይ የማይቀጥን ዘይት ተስፋፋ። እኛ ሰፈር ጋራዥ ባለው የዘይት ቆርቆሮ ላይ "15 ደብሊው 40" የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። "ደብሊው" በእንግሊዝኛ የብርድ ወቅት ለሚለው ቃል የመጀመሪያ ፊደል ነው። ከፊቷ ያለው ቁጥር ሲያንስ ዘይቱ በብርድ ቶሎ ይፈሳል ማለት ነው። በዚህ በሙቀት አገር የምንገዛው ዘይት የብርድ አገርን ታሪክ ተሸክሞ መጥቷል።

የ1941 ብርድ

ይህን ችግር መናቅ ምን እንደሚያስከፍል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታየ። በ1941 መጨረሻ የጀርመን ጦር ሞስኮ አጠገብ ሲደርስ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ወረደ። መኪናዎቹና ታንኮቹ ለዚህ አልተዘጋጁም። ዘይቱ ረጋ፣ ባትሪው ደከመ። ወታደሮቹ ከሞተር ሥር እሳት ያነዱ ነበር፤ ሌሊቱን በየተወሰነ ሰዓት ሞተር እያስነሱ ነዳጅ ይጨርሱ ነበር። የሶቪየቱ ቲ-34 ታንክ ግን ከኤሌክትሪክ ማስነሻው ሌላ በታመቀ አየር የሚነሳበት መንገድ ነበረው። ጀርመን እዚያ የተሸነፈችው በብርድ ብቻ አይደለም፤ የሶቪየት ሠራዊት ተዋግቷል። ሆኖም የማይነሳ መኪና ጥይትም ምግብም አያመላልስም።

የፍሪማን ብሎን

አሜሪካ ውስጥ ኖርዝ ዳኮታ በብርዱ የታወቀ ግዛት ነው። አንድሪው ፍሪማን የተባለ የዚያ አገር መሐንዲስ ሌላ መንገድ መረጠ። ሞተሩን በብርድ ከመታገል ለምን ቀድመን አናሞቀውም? የሞተሩን ቴስታ ከሚያስሩት ብሎኖች አንዱን አውጥቶ በውስጡ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያለበት ብሎን ተካበት። የፈጠራ መብቱን በ1949 አገኘ። ዛሬም በካናዳና በአላስካ መኪናዎች ከፊታቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ይታያል። አዲስ ሰው "ይሄ በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ነው?" ሊል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሞተር ማሞቂያ ነው። ከመነሳት በፊት ሁለት ሦስት ሰዓት ሲሰካ ይበቃል።

ቤንዚኑን በተመለከተ፣ ቦሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1967 በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ የነዳጅ መርጫ ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው የሞተሩን ሙቀት ለክቶ በብርድ ጊዜ ቤንዚን ይጨምራል። ሾፌሩ በእጁ ቾክ መሳብ ቀረለት።

ወደዚያ ለምትሄዱ

ያረጀ ባትሪ ብርዱ ሳይመጣ አስለውጡ፤ ባዶ የሆነ ባትሪ ውስጡ ይረጋል፣ ይሰነጠቃልም። ከሁሉም በላይ፣ ለማሞቅ ብላችሁ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አታስነሱ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል።

ለክፍል ውይይት

1. ባለሙያዎቹ "አይሆንም" ያሉት ለምን ነበር? ኬተሪንግ የቀየረው ምንድን ነው?
2. ከአራቱ የብርድ ችግሮች የፊዚክስ የሆነው የትኛው ነው? የኬሚስትሪስ?
3. በሰፈራችን "አይሆንም" የተባለ አንድ ሥራ ምረጡ። ጥያቄው ተለውጦ ቢጠየቅ መልሱ ይለወጥ ይሆን?