መለያ ያልተጻፈለት ወፍ

ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ ወፍ፣ ስለ አንድ ዝሆን፣ ስለ አንድ አዞና ስለ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ነው። ከአራቱ የበረታችው የትኛዋ እንደሆነች ስጨርስ እናንተው ትፈርዳላችሁ። ዓመቶቹን የምቆጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው፤ መዝገቦቹ የተጻፉት በዚያ አቆጣጠር ነውና።

ዘመኑ 1893 ነው። ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የሚሉት፣ ዕድሜው ሠላሳ ያልሞላ የኢጣሊያ መስፍን፣ ከበርበራ ወደብ ተነሥቶ፣ አጃቢ አስከትሎ፣ የሶማሌን ምድር አቋርጦ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ገባ። ያልታየ አገር ልይ፣ ያልታወቀ ወንዝ ልወቅ ያለ ሰው ነው። በመንገዱ ያጋጠመውን አውሬና ወፍ ናሙና እያደረገ ይሰበስባል። ከዕለታት በአንዱ፣ ከሶሪት ወገን የሆነ ወፍ እጁ ገባ። ገላው አረንጓዴ፣ ክንፉ ሲዘረጋ ቀይ፣ ጉትዬው ነጣ ያለ። ቆዳው ተገፈፈና ከጓዙ ጋር ተቀመጠ።

የት ተገኘ? በየትኛው ቀን? በምን ዓይነት ደን ውስጥ? ይህ ሁሉ ሳይጻፍ ቀረ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር፣ ቡርጂ አካባቢ፣ መስፍኑ ሊያድነው የወጣ ዝሆን ዞሮ ገደለው። ያየውን የሚመሰክር አንደበት በዚያ ተዘጋ።

ጓዙ ግን ኢጣሊያ ደረሰ። ቶማሶ ሳልቫዶሪ የተባለ የወፍ ሊቅ ቆዳውን አገላብጦ ቢያየው፣ ከዚያ በፊት ከተመዘገቡት ሶሪቶች ከአንዱም ጋር አልገጥም አለው። በ1896 አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ጻፈ፤ በሟቹም ስም ሰየመው። እንግዲህ ወፉ ስም አገኘ፤ አገር ግን አጣ። መስፍኑ የተጓዘበት መንገድ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ነው። ማን የቱ ጋ ሄዶ ይፈልገው?

ወፉ የትም አልሄደም ነበር። ከደኑ ጥድ ወደ ወንዙ ዳር ሾላ እየተመላለሰ ይኖራል። ከብቱን ወደ ውኃ የሚነዳው እረኛም ድምፁን ይሰማል። በመጽሐፍ ዓለም ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ጠፍቶ ኖረ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከአሬሮ ደን ናሙናዎች ሲሰበሰቡ ነው መኖሪያው የታወቀው። በዓለም ላይ ያለው በደቡብ ኢትዮጵያ ብቻ ነው። ዝሆኑ የገደለው ሰውየውን ነው፤ ወፉን ለሃምሳ ዓመት ገደማ የደበቀው ግን የመለያዋ ወረቀት አለመጻፍ ነው።

አሁን ወደ አዞው ልውሰዳችሁ።

ከሩስፖሊ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1839፣ በቴዎፊል ለፌቭር የሚመራ የፈረንሳይ የጉዞ ቡድን ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ መጣ። ከመካከላቸው ሁለቱ ካርቲን ዲዮንና አንቷን ፕቲ ዕፀዋትና እንስሳት የሚሰበስቡ ነበሩ። ዲዮንን የመረብ ቆላ ንዳድ ገደለው። ፕቲ ደግሞ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ ወሰደው። ሁለቱም እንደ ሩስፖሊ አገራቸውን ሳያዩ ቀሩ። ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? የሰበሰቡት ዕፅ ከነማስታወሻው ፓሪስ ገባ። አሺል ሪሻር የተባለ የዕፀዋት ሊቅ እሱን ይዞ ተቀመጠና ከ1847 እስከ 1851 የአቢሲኒያን ዕፀዋት መጽሐፍ አሳተመ። ሰዎቹ ሞቱ፤ ቃላቸው አልሞተም።

ሪሻርን የረዳው ሌላም ሰው ነበር። ቪልሄልም ሺምፐር ይባላል፤ ጀርመናዊ ነው። በ1837 ትግራይ ገባ፤ ኑሮውንም ኢትዮጵያ ውስጥ አደረገ። በዚያን ጊዜ ትግራይን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ እንትጮን እንዲያስተዳድር ሰጡት፤ ኢትዮጵያዊት አገባ፤ ወለደ፤ በ1878 ዐድዋ ላይ ዐረፈ። ሥራው ዕፅ መልቀም፣ ማድረቅና ወደ አውሮፓ መላክ ነበር። ብልሃቱን ስሙኝ፤ ከአንድ ዕፅ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አይቆርጥም፤ ብዙ ይቆርጥና ለብዙ ቤተ መዘክር ያከፋፍላል። ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በማርች 1943፣ የበርሊን የዕፀዋት ቤተ መዘክር በቦምብ ጋየ፤ ክምችቱ አብዛኛው ዐመድ ሆነ። ከሺምፐር ዕፀዋት ብዙዎቹ ግን ቅጂያቸው በሌሎች ከተሞች ስለነበር ከነጽሑፋቸው ተረፉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። አዲስ ዝርያ ማግኘት ማለት ማንም ያላየውን ማየት አይደለም። አርሶ አደሩ ያየዋል፣ እረኛዋ ታውቀዋለች፣ መድኃኒት ቀማሚው ሥሩን ይምሳል። የሳይንሱ ግኝት የሚጀምረው ቅርንጫፉ ከአበባውና ከፍሬው ጋር ተቆርጦ፣ በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ሲደርቅ ነው። ከዚያ ወፍራም ወረቀት ላይ ይለጠፋል፤ በግርጌው መለያ ይጻፍለታል፦ የተለቀመበት ቦታ፣ ቀን፣ ከፍታ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የለቃሚው ስምና ቁጥር፣ አገሬው የሚጠራበት ስም። ይህን ይዞ ሊቁ ከታወቁት ጋር ያስተያያል። ከሁሉም ተለይቶ ሲገኝ መግለጫ ይጽፍለታል፤ አንዱን ናሙና የስሙ ዋስ አድርጎ ይሰይማል። ክርክር ቢነሣ ዳኛው ያ ናሙና ነው። የዕፀዋቱ ደንብ እስከ 2011 መጨረሻ ድረስ መግለጫው በላቲን ካልተጻፈ ስሙን አይቀበልም ነበር።

እንግዲህ የኢትዮጵያ ዕፀዋት ዋሶች ሁሉ በባሕር ማዶ ተቀመጡ። የራሱን አገር ዛፍ ስም ለማጣራት የሚሻ ኢትዮጵያዊ ፓሪስ፣ ለንደን ወይም ፍሎረንስ መሄድ ነበረበት። በ1959 በአዲስ አበባ የብሔራዊው ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፀዋት ቤተ መዘክር፣ መሠረት ተጣለ። በ1980 ደግሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የአገሪቱን ዕፀዋት ሁሉ በመጽሐፍ ለመመዝገብ ተነሡ። ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ኢንጋ ሄድበርግ፣ ሱ ኤድዋርድስ፣ በኋላም ሰብስቤ ደምሰው ሥራውን መሩት፤ ብዙ የአገር ልጆችም በእሱ ሠለጠኑ። ጀማሪዎቹ ጎልማሶች ነበሩ፤ ሲጨርሱ ሸበቱ። በ2009 ስምንተኛው ቅጽ ታትሞ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መዝገብ ተፈጸመ። ወደ 6,000 የሚሆኑ ዝርያዎች ገቡበት፤ ከእነዚህ ከመቶ ዐሥር ያህሉ ከዚህ ምድር በቀር በሌላ የማይገኙ ናቸው።

ታዲያ አለቀ? አላለቀም። የባቄላና የግራር ወገን ያለበት ቅጽ የታተመው በ1989 ነበር፤ ያንን ወገን የጻፈው ማትስ ቱሊን የተባለ የኡፕሳላ ሊቅ ነው። መጽሐፉ ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላ ይኸው ሰው ወደ ኦጋዴን ዘለቀ። ኦጋዴን ለረጅም ጊዜ በጸጥታ ችግር ምክንያት ተመራማሪ የማይደፍረው አገር ነበር። እዚያ ኮረብታው በአንድ ዓይነት ግራር ተሸፍኖ አገኘው። ቅጠሉን ባራገፈበት ወራት ሮዝ አበባ ያብባል። በመጽሐፉ ቢፈልገው የለም፤ በማንም መጽሐፍ የለም። 8,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል መሬት የያዘ ዛፍ ነው! ቱሊን በ2007 አዲስ ዝርያ አድርጎ አሳተመው። ልብ በሉ፤ በአጉሊ መነጽር የሚታይ ነገር አይደለም፤ ግመል የሚያርፍበት ጥላ ነው። መንገድ በመዘጋቱ ብቻ ከመዝገብ ውጭ ሆኖ ኖረ። ያን ያህል ዛፍ ከተሰወረ፣ በባሌው ሐረና ደን ሥር የሚሳበው፣ በገደል ስንጥቅ የሚበቅለው ስንቱ ይሆን?

ነገሩ የሚያስቸኩለውም ስለዚህ ነው። መንገድ ሲቀየስ፣ ግድብ ሲሠራ፣ እርሻ ሲሰፋ፣ «እዚህ የሚጎዳ ነገር አለ ወይ?» ተብሎ የሚጠየቀው መዝገቡ ነው። በመዝገቡ የሌለ ዕፅ ጠበቃ የለውም። ደኑ ተመንጥሮ ካለቀ በኋላ ደግሞ መዝጋቢው ቢመጣ የሚለቅመው አያገኝም።

ስለዚህ ቃሌ ለአንባቢው ነው። መንገድ ዳር ያላወቃችሁትን አበባ በስልካችሁ ስታነሡ ሥዕሉን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ የቦታውን ስምና ቀኑን ጻፉበት። በአካባቢው ያሉትን እማማን ወይም አባባን «ይህን ምን ትሉታላችሁ? ለምንስ ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁና የነገሯችሁን እንደነገሯችሁ መዝግቡ። መምህራን ተማሪዎቻችሁን አራት ኪሎ ወዳለው ሄርባሪየም ውሰዷቸው፤ የደረቀችዋን ቅጠል ሳይሆን ከሥሯ ያለችውን ጽሑፍ አስነብቧቸው። ዝሆንም አዞም ለቃሚውን ገደሉት፤ መለያ የተጻፈለትን ግን ማንም አልገደለውም። ያየ ሁሉ አግኝቷል አይባልም፤ ያገኘው ጽፎ ያስቀመጠው ነው።