የመኪና ጆሮ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ሐርቡ

የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ሲጻፍ በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአምሃ እሸቴ ሸክላ አሳታሚ ይነሣል፤ ሸክላውን የተካው ካሴትም እንዲሁ። ካሴቱ የተደመጠበት መኪና ግን ይዘነጋል። ከኮምቦልቻ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ የሚወርደው መንገድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ለጥቂት ፊዚክስ ታገሡኝ። በ12 ቮልት ባትሪ ብቻ የሚሠራ የመኪና ቴፕ ለባለ 4 ኦም ስፒከር ከ18 ዋት እምብዛም ያልዘለለ ንጹሕ ኃይል ነው የሚሰጠው። ሰብዉፈር ሲመጣ ቮልቴጁን በውስጡ ከፍ የሚያደርግ አምፕሊፋየር አስፈለገ። ባለ 4 ቻናል ከሆነ አንዱ ይበቃል፤ ሁለቱ ቻናሎች የበር ስፒከሮችን ይነዳሉ፣ የቀሩት ሁለቱ ተጣምረው ሰብዉፈሩን ያንቀሳቅሳሉ። ማጣሪያው ከ80 ኸርዝ አካባቢ በታች ያለውን ወደ ሰብዉፈሩ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ወደ በሮቹ ይለያል። ባለ 4 ኦም ሰብዉፈር በጥምሩ ላይ ሲታሰር ለእያንዳንዱ ቻናል 2 ኦም ሆኖ ይሰማዋል፤ ይህን ያልቆጠረ ሠራተኛ አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥል ይችላል።

የታሪክ ጥያቄው ከዚህ ይነሣል። የዘፋኙና የማሲንቆው ድምፅ በአመዛኙ ከ80 ኸርዝ በላይ ነው፤ ከበታች ያለው የከበሮውና የቤዝ ጊታሩ ነው። ስለዚህ አምባሰል ወይም ባቲ ቅኝት ያለው የድሮ ካሴት ዛሬ በሰብዉፈር ሲከፈት፣ ከኋላ የነበረው ወደ ፊት ይመጣል። (እኔ የበሩን ስፒከር እመርጣለሁ፤ ምናልባት እርጅና ይሆናል።) በዚያ ሚኒባስ የሰማውን ይዞ ስለ 1970ዎቹ አድማጭ የሚጽፍ ተማሪ፣ ያ አድማጭ ያልሰማውን ባስ ይተርክለታል። ሾፌሮችን ስትጠይቁ ከዘፈኑ በፊት የመኪናውን ስፒከር ዓይነትና ብዛት መዝግቡ።