የጠያቂ ዕዳ
ስለ እንቆቅልሽ፣ ስለ ቅኔ ቤትና ስለ ትምህርት ቤት ፈተና

ሀ፤ ስለ ቃሉ ምሥጢር

በዘመናችን በመምህራንና በወላጆች መካከል ክርክር ከሚያስነሡት ነገሮች አንዱ የትምህርት ቤት ፈተና ነው። ይልቁንም ጥያቄው ጠመዝማዛ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ አንዱ ወገን «አእምሮን የሚስለው እንዲህ ያለው ነው» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ይህ ወጥመድ እንጂ ጥያቄ አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ነገሩ አዲስ ይመስላል እንጂ አዲስ አይደለም። በአገራችን እንቆቅልሽ በምድጃ ዳር፣ ቅኔም በጉባኤ ሲጠየቅና ሲመለስ ብዙ ዘመን ስላለፈ፣ ጠመዝማዛውን ጥያቄ ከወጥመድ የሚለይ ያልተጻፈ ሕግ ነበረ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ሕግ ከታሪክ ፈልጎ ማሳየትና ለዛሬው ፈተና አውጪም የሚጠቅም መሆኑን ማስረዳት ነው። የአገራችን ታሪክ በአገራችን አቆጣጠር፣ የውጭው ታሪክ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መጻፉን አንባቢ ያስተውል።

አስቀድሞ ቃሉን እንመልከት። በአማርኛ «ጠየቀ» ያለን እንደ ሆነ፣ ያላወቀውን ከሌላ ለማወቅ ፈለገ ማለታችን ነው። በግእዝ ግን «ጠየቀ» መረመረ፣ አስተዋለ፣ ጠንቅቆ ዐወቀ፣ አረጋገጠ ይሆናል። ከእርሱም «ጥዩቅ» የሚል ቅጽል ይወጣል፤ ትርጓሜው የተረጋገጠ፣ ጥርጥር የሌለበት ማለት ነው። «ፈተነ» የሚለውም ግሥ መረመረ፣ ወርቅን በእሳት እንደሚያጠሩት አጠራ ማለት ነው። እንግዲህ ጥያቄና ጥዩቅ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ከሆኑ፣ ራሱ ያልጠራ ጥያቄ ሌላውን ሊያጠራ እንደማይችል ቃሉ ራሱ ይመሰክራል።

ለ፤ ስለ እንቆቅልሽ ሕግ

የእንቆቅልሽን ሥርዐት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ እንቆቅልሹ ይነገራል፤ ተጠያቂው ይሞክራል፤ ያልሆነለት እንደ ሆነ ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል፤ እርሱም ጎንደርን ወይም ሐረርን ይሰጠዋል፤ ጠያቂው በተሰጠው አገር ተደስቶና ፎክሮ ሲያበቃ መልሱን ይገልጣል።

ይህ የልጆች ጨዋታ ሦስት ታላላቅ ሕጎችን ይዟል። አንደኛው፣ ተጠያቂው ፈቅዶ ይገባበታል፤ «ምን አውቅልህ» ካላለ እንቆቅልሹ አይነገርም። ሁለተኛው፣ ጠያቂው መልሱን ሰውሮ አይቀርም፤ አገር የተቀበለ ሁሉ መልስ የመስጠት ዕዳ አለበት፤ መልሱም ከጥያቄው ጋር የማይገጥም ከሆነ በዙሪያው የተቀመጡት ሰሚዎች ይፈርዱበታል። ሦስተኛው፣ የተሸነፈው የሚሰጠው አገር በቃል ብቻ የሚሰጥ አገር ነው። ማንም ልጅ በእንቆቅልሽ ስለ ተሸነፈ ርስቱን አያጣም። በፈተና የወደቀ ልጅ ግን የሚሰጠው እውነተኛ አገር ነው፤ ይኸውም ዓመቱና ተስፋው ነው። ስለዚህ በጨዋታው ያለ ቅር የምንቀበለው ብልሃት ወደ ፈተና ሲገባ ሌላ ሚዛን ያስፈልገዋል።

ሐ፤ ስለ ሁለት የመጽሐፍ እንቆቅልሾች

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 10 እንደምናነበው ንግሥተ ሳባ ንጉሥ ሰሎሞንን በእንቆቅልሽ ልትፈትነው ወደ ኢየሩሳሌም ሄደች። ጠያቂዋ ንግሥት፣ ተጠያቂው ንጉሥ ነው፤ ሁለቱም እኩያዎች ናቸው፤ እርስዋም ራስዋ በፊቱ ቆማ ጠየቀችው፤ እርሱም የጠየቀችውን ሁሉ ፈታላት፤ ነገሩ በስጦታና በመከባበር ተፈጸመ።

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 የተጻፈው የሶምሶን እንቆቅልሽ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ሶምሶን በሰርጉ ለ30 ጓደኞቹ በ7 ቀን ውስጥ የሚፈታ እንቆቅልሽ አቀረበ፤ የውርርዱም ዋጋ 30 የበፍታ ቀሚስና 30 ቅያሪ ልብስ ነበረ። ምሥጢሩ በገደለው አንበሳ በድን ውስጥ ያገኘው ማር ነው። ይህንንም ለአባቱና ለእናቱ እንኳ አልነገራቸውም። እንግዲህ በዓለም ላይ ከእርሱ በቀር ማንም የማያውቀውን ነገር በምን ጥበብ ይመረምሩታል? ጓደኞቹ መልሱን በአእምሮ ማግኘት ስላልቻሉ ሙሽራይቱን «አንቺንና የአባትሽን ቤት እናቃጥላለን» ብለው አስፈራርተው ምሥጢሩን አወጡ። ሶምሶንም ዕዳውን ለመክፈል በአስቀሎና 30 ሰው ገደለ። ከዚህ የምንማረው፣ መልሱ በጠያቂው ልብ ብቻ የተዘጋ ጥያቄ ሊቅን ሳይሆን ሌባን እንደሚወልድ ነው።

ጠመዝማዛ ሆኖ ፍትሐዊ የሆነውን ጥያቄ ለማየት ደግሞ የነብርን፣ የፍየልንና የቅጠልን እንቆቅልሽ እናስብ። አንድ ሰው ሦስቱን ይዞ ወንዝ ሊሻገር ይፈልጋል፤ ታንኳው ከእርሱ ጋር ከአንዱ በላይ አይችልም፤ ሰውየው ከሌለ ነብሩ ፍየሏን፣ ፍየሏም ቅጠሉን ትበላለች። ይህ እንቆቅልሽ በብዙ አገሮች የታወቀ ሲሆን፣ በአውሮፓ በ804 ዓመት ባረፈው በሊቁ በአልኲን ስም በሚጠራው የወጣቶች ማሰልጠኛ መጽሐፍ በተኩላ፣ በፍየልና በጎመን ተመስሎ ይገኛል። መፍትሔው ፍየሏን አስቀድሞ ማሻገር፣ ባዶውን ተመልሶ ነብሩን መውሰድ፣ ፍየሏን ይዞ መመለስ፣ ቅጠሉን ማሻገር፣ በመጨረሻም ተመልሶ ፍየሏን መውሰድ ነው፤ ጉዞው 7 ይሆናል። ብዙ ሰው የሚሰናከለው አንድ ጊዜ የተሻገረውን መመለስ ስለማያስብ ነው። ይሁን እንጂ ለመፍታት የሚያስፈልገው ሁሉ በጥያቄው ውስጥ ተነግሯል፤ የተደበቀ ምንም የለም። ጠመዝማዛነት ወንጀል አለመሆኑን፣ ወንጀሉ መደበቅ መሆኑን ይህ በቂ አድርጎ ያሳያል።

መ፤ ስለ ቅኔ ቤት

በትውፊት በጎንጁ ተዋነይና በዮሐንስ ገብላዊ ስም የሚጠራው የቅኔ ትምህርት፣ በዋድላ፣ በዋሸራና በጎንጅ ቤቶች ተስፋፍቶ ዘመናትን ተሻግሯል። ተማሪው ከ2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በ3 ቤቱ ዘአምላኪየ፣ በ5 ቤቱ ዋዜማ፣ በ6 ቤቱ ሥላሴ እያለ እስከ 8 ቤቱ መወድስ ይደርሳል። በቅኔ ቤት አንድ ቃል ሁለት ምሥጢር መያዙ ጌጥ ነው፤ ሰሙ ወርቁን ይሸፍነዋል፤ ኅብሩም ሰሚውን ወዲያና ወዲህ ያመላልሰዋል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው ፊት ለፊት ነው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩ ያርመዋል፤ «ምሥጢሩ ምንድን ነው» ቢለው ያስረዳል፤ መምህሩም የዘረፈው ቅኔ ለተማሪው ቢጠጥርበት ሰሙን ከወርቁ ለይቶ ይፈታለታል። በትርጓሜ ቤትም መምህሩ አንዱን ንባብ ፈትቶ ሲያበቃ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ያመጣል፤ ሁለተኛው ስለ መጣ ፊተኛው አይጣልም። ሁለት መንገድ ያለው ቃል በሁለቱም መንገድ የሄደውን ይቀበላል።

አሁን ይህን ቃል ከጉባኤው አውጥተን በወረቀት ላይ እናኑረው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «አበበ ከካሣ ጋር ተጣልቶ ይመታል፤ የሚጎዳው ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ተጽፎ ቢቀርብ፣ «ይመታል» ላልቶ ሲነበብ የሚጎዳው ካሣ፣ ጠብቆ ሲነበብ ግን የሚጎዳው አበበ ነው። ጠያቂው በፊታችን ቢሆን ድምፁ ይፈታልን ነበር። በወረቀት ላይ ግን ባለቅኔውን የሚያስመሰግነው ኅብር ተማሪውን ያለ ጥፋቱ ይጥለዋል።

ሠ፤ ስለ ዘመናዊው ፈተና

በዳግማዊ ምኒልክ ስም የተጠራው ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ደግሞ በ1917 ዓ.ም. ከተከፈቱ ወዲህ፣ ፈተና እየቆየ ከቃል ወደ ጽሑፍ፣ ከአንድ ጉባኤ ወደ አገር አቀፍ ተሻገረ። በዚህም ጠያቂና ተጠያቂ ተለያዩ። ዛሬ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አፕቲቲዩድ የሚባለው ክፍል የቃልና የቁጥር አስተሳሰብን የሚመረምር በመሆኑ፣ ከእንቆቅልሽ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። የፈተናውንም ክብደት ለመረዳት፣ በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ከመቶው 3.3 ያህሉ ብቻ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ማግኘታቸውን ማስታወስ ይበቃል። ይህ ቁጥር ብቻውን ስለ ጥያቄዎቹ መልካምነት ወይም ክፋት አይመሰክርም፤ የማስተማሩ ነገርም በውስጡ አለና። ነገር ግን በወሰኑ ላይ ለቆመ ልጅ አንዲት የተጣመመች ጥያቄ ምን ያህል እንደምትመዝን ያሳያል። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ ስለ ወጣ ፈተናው ለሌላ ጊዜ መተላለፉ ይታወሳል። የተሰረቀ ፈተና ግፍ መሆኑን ሁሉ ያያል፤ የተሳሳተ ጥያቄ ግፍ መሆኑን ግን የሚያየው ጥቂት ነው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በ1982 በአሜሪካ ለኮሌጅ መግቢያ በሚሰጠው ፈተና ላይ፣ ራዲየሱ የትልቁ ክብ ራዲየስ ሢሶ የሆነ ትንሽ ክብ በትልቁ ዙሪያ እየተንከባለለ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ስንት ጊዜ ይዞራል የሚል ጥያቄ ቀረበ። ፈተና አውጪዎቹ መልሱ 3 ነው ብለው ነበር፤ እውነተኛው መልስ ግን 4 ነው፤ በክብ ዙሪያ የሚንከባለል ነገር ስለ ዙሪያው አንድ ዙር ይጨምራልና። ከቀረቡትም 5 ምርጫዎች ውስጥ 4 አልነበረም። ከ300,000 ያህል ተፈታኞች ስሕተቱን ጽፈው ያስታወቁት 3 ብቻ ነበሩ። ጥያቄው ተሰርዞ ውጤቱ እንደ ገና ተሰላ።

የቀሩት ለምን ዝም አሉ? በ1979 ገደማ በፈረንሳይ በግሬኖብል ከተማ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዎች ያደረጉት ሙከራ ይህን ያስረዳል። ለ97 ትንንሽ ተማሪዎች «በመርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ የመርከቡ አለቃ ዕድሜ ስንት ነው?» አሏቸው። ከእነርሱ 76ቱ ቁጥሮቹን አንድ ላይ አድርገው ዕድሜውን ነገሩ። ጥያቄው መልስ የለውም ለማለት ልብ አልነበራቸውም፤ ወረቀት የሚሳሳት አልመሰላቸውምና። ሰዱቃውያን ስለ ሰባቱ ወንድማማቾች ሚስት የጠየቁት ጥያቄ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 22 ሲመለስ፣ ጥያቄው የቆመበት ሐሳብ ስሕተት መሆኑ አስቀድሞ ተገልጧል። ለሕፃን እንዲህ ያለ ነጻነት የሚሰጥ የፈተና ወረቀት ግን ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ጥያቄ ቦታውን ሲለቅም ፍትሑን ያጣል። በ2015 በሲንጋፖር ስለ ሼሪል የልደት ቀን የወጣው ጥያቄ ከ10 ቀኖች አንዱን በሁለት ጓደኞች ንግግር ብቻ እንዲያገኙ ያዝዝ ነበር። የ10 እና የ11 ዓመት ልጆች የትምህርት ቤት ጥያቄ ነው ተብሎ በዓለም ሁሉ ቁጣን አስነሣ። በእውነቱ ግን የበሰሉ ተማሪዎችን ለመለየት ለሒሳብ ውድድር የተዘጋጀ ነበረ። መልሱ ሐምሌ 16 ሲሆን፣ ነሐሴ 17 ነው ብለው የተከራከሩም አልታጡም። ያው ጥያቄ ፈቅደው ለገቡበት ጨዋታ፣ ተገደው ለተቀመጡበት ፍርድ ነው።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዱባይ ከተማ፣ ኡድ ሜታ በሚባለው ሰፈር፣ በ1961 የተመሠረተ የሕንዶች ከፍተኛ ትምህርት ቤት አለ። ፈተናው የሚወጣው ግን ባሕር ማዶ በሕንድ ማዕከላዊ የትምህርት ቦርድ ነው። ጠያቂው በአንድ አገር፣ ተጠያቂው በሌላ አገር ሲሆን፣ ልጁ «ምን ማለትህ ነው» የሚለው ሰው አያገኝም። ይህ ቦርድ በታኅሣሥ 2021 በ10ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተናው ያወጣው አንድ ምንባብ ሴቶችን ያቃልላል ተብሎ በተነቀፈ ጊዜ፣ ምንባቡን ሰርዞ ለተፈታኞቹ ሙሉ ነጥብ ሰጠ። የነገሩ ዐይነት ከጠመዝማዛ ጥያቄ ቢለይም፣ ሩቅ ያለ ጠያቂ ዕዳውን ሊከፍል እንደሚችል ግን ያስረዳል።

ረ፤ ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም የጠየቀ ሁሉ ዕዳ አለበት። በምድጃ ዳርና በቅኔ ቤት ዕዳው የሚከፈለው ወዲያው፣ በሰሚዎች ፊት ነበረ። በወረቀት ላይ ግን ጠያቂው ስለማይገኝ፣ ዕዳውን አስቀድሞ መክፈል ይገባዋል። ለመመለስ የሚያስፈልገውን ሁሉ በጥያቄው ውስጥ ወይም በተማሩት ውስጥ ያኑር። ቃሉን ጠብቆም ላልቶም አንብቦ ይፈትሽ፤ ሁለት መንገድ ከተገኘበት አንዱን ይዝጋ፣ ሳይዘጋው የቀረ እንደ ሆነ «አንድም» ብሎ ሁለቱንም መልስ ይቀበል። ፈተናው ካለፈ በኋላ መልሱን ከነምክንያቱ ይግለጥ፤ የተፈታኙንም አቤቱታ ይስማ።

ጠመዝማዛውን እንቆቅልሽ ግን ከትምህርት ቤት አናስወጣው፤ አእምሮን የሚስል ሞረድ ነውና። ቦታው መምህሩና ተማሪው ፊት ለፊት የሚገናኙበት ክፍል ይሁን፤ በዚያ የተሸነፈ ልጅ የሚሰጠው አገር በቃል የሚሰጠው ጎንደርና ሐረር ብቻ ነው፤ ሲመሽም አገሩን ሳያጣ፣ መልሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።