የጎልፍ ሜዳ ሣር የፈንገስ በሽታና መድኃኒቱ፤ በአሜሪካ ከ1914 ወዲህ ያለው አጭር ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአሜሪካ የጎልፍ ሜዳዎች ሣር ላይ የሚነሡት የፈንገስ በሽታዎች እንዴት እንደታወቁና በምን ዘዴ ሊገቱ እንደተሞከረ በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። ስለ ጨዋታ ሜዳ ሣር መመራመር ስለ ስንዴ ዋግ እንደመመራመር አይጠቅምም የሚል ሰው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ይህ ሣር የማይበላና የማይሸጥ፤ ለልስላሴው ብቻ የሚጠበቅ ተክል ስለሆነ፤ ሰው ለእርሱ ሲል ምን ያህል መርዝ በመሬት ላይ ለማፍሰስ እንደፈቀደ መመርመሩ ራሱን የቻለ ትምህርት ይሰጣል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ሜዳውና በሽታው

በጎልፍ ሜዳ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚደረግለት ክፍል ጉድጓዱ ያለበትና ግሪን የሚባለው ትንሽ መስክ ነው። ኳሷ በዚህ ላይ ያለ እንቅፋት መንከባለል ስላለባት ሣሩ ዘወትር ይታጨዳል። በ1950ዎቹ ሣሩ ከታጨደ በኋላ የሚቀረው ቁመት ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር ያህል ነበር፤ በዘመናችን ግን ወደ 3 ሚሊሜትርና ከዚያም በታች ወርዷል። ሣር ምግቡን የሚያዘጋጀው በቅጠሉ ስለሆነ፤ ቅጠሉ ባጠረ መጠን ሥሩም ያጥራል፤ ኀይሉም ይደክማል። በዚህም ላይ አንድ ዐይነት ሣር ብቻ ተጠጋግቶ ስለሚበቅልና ውኃ ስለማይለየው፤ ፈንገስ ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ለመሸጋገር አይቸገርም።

በመጀመሪያ የታወቀው በሽታ ሣሩን በሰፊው ክብ እየሠራ ቡናማ አድርጎ የሚያደርቀውና ብራውን ፓች የተባለው ነው። ይኸውም በ1914 ገደማ በፊላደልፍያ በፍሬድሪክ ቴይለር የሣር ቦታ ታየ። ቴይለር የፋብሪካን ሥራ በሰዓት እየለካ ያጠና፤ በ1911ም ስለ ሥራ አመራር ሳይንስ መጽሐፍ ያወጣ መሐንዲስ ነው፤ ግሪንንም በልክና በሥርዓት ለመሥራት ብዙ ይሞክር ነበር። በ1919 ፓይፐርና ኮ የተባሉ ባለሙያዎች ራይዞክቶንያ የተባለው ፈንገስ ሣርን እንደሚያጠቃ በጽሑፍ ገለጹ። በ1920 የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር ስለ ሣር የሚያጠና ክፍል አቋቋመ፤ ፓይፐርም የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ሆነ።

ቀጥሎ ጆን ሞንቲዝ የተባለው ሊቅ በ1920ዎቹ አንድ ይመስል የነበረው በሽታ ሁለት መሆኑን ለየ። ሁለተኛው በሽታ የብር ዶላር የሚያህል ትንንሽ ደረቅ ክብ ስለሚሠራ ዶላር ስፖት ተባለ። ማለዳ ጤዛው ሳይደርቅ ሲመለከቱት ፈንገሱ እንደ ሸረሪት ድር በሣሩ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ሞንቲዝ ከዳል ጋር በ1932 ያሳተመው ጥናት ለረጅም ጊዜ የዘርፉ መመሪያ ነበር። እንግሊዛዊው ቤኔት በ1937 ለፈንገሱ የሳይንስ ስም ሰጠው፤ ይሁን እንጂ አመዳደቡ ሲያከራክር ቆይቶ በ2018 ክላሪሪድያ በሚል አዲስ ወገን ተመደበ።

፪. መዳብና ባዜቃ

የመጀመሪያው መድኃኒት ለሣር የታሰበ አልነበረም። ፈረንሳዊው ሚላርዴ በ1885 ለወይን በሽታ ያስተዋወቀው፤ ቦርዶ የሚባለው የመዳብ ጨውና የኖራ ድብልቅ ነው። በሽታውን ይቀንስ ነበር፤ ነገር ግን መዳብ ከአፈር በቀላሉ አይወጣም። ወይን በዓመት ጥቂት ጊዜ ሲረጭ፤ ግሪን ግን ደጋግሞ ስለሚረጭ መዳቡ እየተጠራቀመ የሚጠበቀውን ሣር ራሱን መጉዳት ጀመረ።

ስለዚህ በ1920ዎቹ ፊቱ ሁሉ ወደ ባዜቃ ዞረ። ለዘር መጠበቂያ የተሠሩ የባዜቃ ድብልቆችና ሁለቱ የባዜቃ ክሎራይዶች በጥቂቱ ተበጥብጠው ወይም ከአሸዋ ጋር ተደባልቀው በግሪን ላይ ይበተኑ ጀመር። ውጤታቸው ከመዳብ የተሻለ ስለነበረ የሜዳ ጠባቂዎች ወደዱአቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባዜቃ ለጦር ሥራ ስለተፈለገና ስለተወደደ፤ ከጎማ ኢንዱስትሪ የተገኘው ታይራም በምትኩ ተሞከረ። ከጦርነቱም በኋላ የካድሚየም ድብልቆች ተጨመሩ። ይሁን እንጂ ሰላም ሲሆን ባዜቃ ወደ ግሪኑ ተመለሰ።

፫. መርዙና ፈንገሱ

ከ1956 ጀምሮ በጃፓን በሚናማታ የታየው በሽታ፤ ዐይነቱ ሌላ ቢሆንም፤ ባዜቃ በሰው ላይ የሚያደርሰውን ጥፋት ለዓለም አስታወቀ። በ1976 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ባዜቃ ያለባቸውን አብዛኞቹን ፀረ ተባዮች አገደ። ሊታሰብበት የሚገባው ግን ከእገዳው የተረፈው ነው፤ በረዶ ሲቀልጥ በግሪን ላይ ለሚገኘው ሻጋታ ባዜቃ እንዲረጭ ተፈቅዶ ቀረ። ይህም ፈቃድ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ቈየ። እንግዲህ ለእህል ዘር አደገኛ ነው የተባለው መርዝ ለጨዋታ ሜዳ አስፈላጊ ነው ተብሎ ከ15 ዓመት በላይ ኖረ ማለት ነው።

በሌላው በኩል ፈንገሱ መድኃኒቱን መልመድ ጀመረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካድሚየም የማይገድለው የዶላር ስፖት ፈንገስ እንዳለ ተገለጸ። በዚያው ዘመን ወደ ተክሉ ሰውነት ዘልቆ የሚገባው ቤኖሚል በታላቅ ተስፋ ወጣ፤ ነገር ግን ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ፤ በ1970ዎቹ፤ ይህንንም የሚቋቋም ፈንገስ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንድ መድኃኒት ደጋግሞ ሲረጭ ደካማው ይሞታል፤ የሚቋቋመው ብቻ ይራባል።

፬. የአያያዝ መንገድ

ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ሌላ ዘዴ ሁልጊዜ ነበር። የሜዳ ጠባቂዎች ማለዳ በረጅም የቀርከሃ ዘንግ ሣሩን እየጠረጉ ጤዛውን ያራግፉ ነበር፤ ቅጠሉ ቶሎ ከደረቀ ፈንገሱ ለማደግ ጊዜ ያጣልና። ዶላር ስፖት ናይትሮጂን ባነሰው ሣር ላይ እንደሚበረታም ታውቋል። ይህ ሁሉ እየታወቀ አያያዙ ለምን ወደ ኋላ ቀረ?

መልሱ የሚገኘው በጨዋታው ፍላጎት ውስጥ ይመስለናል። ኤድዋርድ ስቲምፕሰን በ1935 የግሪንን ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ ፈለሰፈ፤ የጎልፍ ማኅበሩም ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሠራጨው። መሣሪያው የአንዱን ሜዳ ግሪን ከሌላው ጋር ለማስተያየት ታስቦ አልተሰጠም፤ ሆኖም ክለቦች በቁጥሩ መፎካከር ያዙ። ፍጥነት ለመጨመር ሣሩን ይበልጥ ማሳጠርና ማዳበሪያውን መቀነስ ያስፈልጋል፤ እነዚህም ሁለቱ በሽታን የሚጋብዙ ናቸው። ስለሆነም በሽታውን ያበረታው ፍላጎት መድኃኒቱን አስፈላጊ አደረገው።

ሆኖም ፍጥነትና ጤንነት ፈጽሞ የማይስማሙ ናቸው ማለት አይደለም። በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በተደረገው ጥናት ግሪንን በቀላል መዳመጫ ማመላለስ ሣሩን ሳያሳጥር ፍጥነት እንደሚጨምርና ዶላር ስፖትንም እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። ይህ ዘዴ መርዝ አይጠይቅም፤ ፈንገሱም እንደ መድኃኒት ሊለምደው የሚችል አይመስልም።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተዘረዘረው እንደምንረዳው፤ መዳብ፤ ባዜቃ፤ ካድሚየምና ቤኖሚል በየተራቸው የመጨረሻው መፍትሔ መስለው ነበር፤ አንዳንዱ በአፈር ውስጥ መርዝ፤ አንዳንዱም መድኃኒት የማይበግረው ፈንገስ ትቶ ሄደ። ፈንገሱ በብዙ ሥፍራ ይገኛል፤ በሽታ የሚሆነው ግን ሣሩ ከዐቅሙ በላይ ሲጠየቅ ነው። እንግዲህ የአንድን ተክል በሽታ ታሪክ የሚያጠና ሰው፤ ስለ ፈንገሱና ስለ መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን፤ ተክሉን በዚያ አኳኋን እንዲኖር ያስገደደው ማን እንደሆነና ለምን እንዳስገደደው መጠየቅ ይገባዋል።